ለባለ ዳንቴሏ ባል ፍለጋ

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ በዚህች ምድር ላይ እንደ ተማረ ሰው ለጎረቤት የሚያስቸግር ፍጥረት የለም! ያልተማረ ሰው ትንኝ ሲያይ እጁን አንዴ አጨብጭቦ ይገላገላታል፤ እሷም ታርፋለች፣ እሱም ያርፋል። የተማረ ሰው ግን… ዘሯ ከየት ነው፣ ወገኖቿ እነማን ናቸው፣ ስም ወጥቶላታል ወይ እያለ ሰፈር ያውካል። ማንንም አላማም፤ የማማው ራሴን ነው። አንዲትን ቁራጭ ነፍሳት ለዓለም ላስተዋውቅ ብዬ ከዛፍ ወድቄያለሁ፣ ባጃጅ ውስጥ ስሜ ጠፍቷል፣ የማልሁትን መሐላ በልቻለሁ። ይኸው በዚህ ሳምንት ነገሩ ስላለቀ፣ ነውሬን እኔው ራሴ ብነግራችሁ ይሻላል። ከሌላ ሰው ስትሰሙት የባሰ ነው።

አሶሳ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በስሜ የታተመ ነገር ቢኖር የመታወቂያ ካርዴ ብቻ ነበር። የምኖረው በእማማ ሐዋ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እማማ ሐዋ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናቸው፤ ቁመታቸው አጭር፣ ድምፃቸው ረዥም። አማርኛ እንደ ብዙው የአገሩ ሰው ሁለተኛ ቋንቋቸው ስለሆነ ለሴትም ለወንድም አንድ ነው፤ በሬው መጣ፣ ላሙም መጣ፣ እኅታቸውም መጣ። እኔን «ኡስታዝ» ይሉኛል፤ መምህር ማለታቸው ነው። ቤቱን ሲያከራዩኝ ያስማሉኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«አረቄ እዚህ ግቢ አይገባም።»

«ኧረ እማማ! እኔና አረቄ!» ብዬ ማልሁ። ይህችን መሐላ ያዙልኝ፤ በኋላ ትመጣለች።

ከግቢው ጀርባ፣ ከሽንት ቤቱ ወዲያ፣ አንድ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። እማማ ሐዋ ልጅ ሆነው የወጡበት፣ ልጆቻቸውም የወደቁበት ዛፍ ነው። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ግን ቅጠሉ ላይ ኖራ የተረጨ የሚመስል ነጭ ተባይ ሰፈረበትና ፍሬው ሁሉ ተበላሸ። ጎረቤቱ መድኃኒት ሲያስረጭ እሳቸው «ልጅ የሚበላው ነገር ላይ መርዝ አላፈስም» ብለው እምቢ አሉ። ስለዚህ የሰፈሩ ነጭ ተባይ ሁሉ ከየግቢው ተባሮ እማማ ሐዋ ዘንድ የተጠጋ ይመስለኛል። እንደኔ ነው፤ ሌላ ማን ያከራየዋል?

አንድ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ከዚሁ ማንጎ ሥር ወንበር አውጥቼ ፈተና አርማለሁ። ጥያቄው «የነፍሳትን መለያ ባሕርያት ዘርዝር» የሚል ነው። አንዱ ተማሪዬ ስሙን አሳምሮ ጽፎ መልሱን ባዶ ትቶልኛል። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ ዜሮዬን ላከብብ ስል… ዱብ! አንዲት አረንጓዴ ነገር ባዶው ቦታ ላይ መጥታ አረፈች። ስድስት እግር፣ አራት ክንፍ፣ ሁለት አንቴና… መልሱ በእግሩ መጣላችሁ! ሁለት ማርክ ሰጠሁት። ምን ላድርግ? ትክክል ነዋ!

ከዚያ ጎንበስ ብዬ አየኋት። እናቶቻችን ቴሌቪዥን ላይ የሚያለብሱት ዳንቴል አለ አይደል? ክንፏ እሱን ነው፤ በአረንጓዴ ክር የተሠራ፣ ከሥሩ የተማሪዬን መስመር የሚያሳይ። ዓይኗ ደግሞ የወርቅ ፈርጥ። ፈረንጆቹም ወገኖቿን የሰየሟቸው በዳንቴል ነው። የእኛ ሰፈር ግን «ትንኝ» ይላታል። ትንኝ አይደለችም! (ይህን ለስንት ሰው አስረዳሁ፣ ምላሴ እስኪዝል!) አትነክስም፣ ጆሮ ላይ አትጮህም። ወገኗን ከመጽሐፍ አውቀዋለሁ። ይህችኛዋ ግን ከዓይኗ ሥር ተነስተው እስከ አፏ የሚወርዱ ሁለት ቀያይ መስመሮች አሏት፤ መጽሐፌን ከዳር እስከ ዳር ገለጥሁት፣ እንዲህ ያለ ፊት የለም።

በሁለት ጣቴ ቀስ ብዬ ያዝኋት፣ መዳፌ ውስጥ ሸሸግኋትና ወደ ቤተ ሙከራ ልወስዳት ባጃጅ ላይ ዘለልሁ። እዚህ ላይ መጽሐፉ ያልነገረኝ ነገር ነበር፤ ይህች ዳንቴል ለባሽ እመቤት ሲይዟት ትሸታለች! እንዴት ያለ ሽታ መሰላችሁ… ኧረ ልተወው፣ ምናልባት ምሳ እየበላችሁ ይሆናል። ብቻ ሰው ሳያስበው ሲያመልጠው የሚሸተው ዓይነት ነው። ባጃጇ ውስጥ ሦስት ነን፤ እኔ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ አዛውንትና ዘንቢል የያዘች ሴት። መጀመሪያ ሴትዮዋ በሻሿ አፍንጫዋን ሸፈነች። ቀጥሎ አዛውንቱ ቀና ብለው አዩኝ።

«እኔ አይደለሁም… እሷ ናት» አልሁ፤ በአገጬ ወደ መዳፌ እየጠቆምሁ። መዳፌ ያለው ወደ ሴትዮዋ ነው!

«እኔ?! አንተ ምን ዓይነት ዓይን አውጣ ነህ!»

«አስተግፊሩላህ» አሉ አዛውንቱ።

ሾፌሩ ዘወር አለ። «ወገን፣ ማን እንደሆነ ራሱን ያውቃል፤ ይውረድና እንሂድ!»

ወረድሁ። የቀረውን መንገድ በእግሬ፣ ለሳይንስ ስል፣ ከነሽታዬ ሄድሁ።

ስልኬን ማይክሮስኮፑ ላይ ደቅኜ ያነሳሁትን ፎቶ ባሕር ማዶ ላሉ አንድ ሽማግሌ ሊቅ ላክሁላቸው። ሰውየው ዕድሜያቸውን በሙሉ የዚህችን ወገን… በጨዋ አማርኛ መቀመጫዋን… ሲያዩ የኖሩ ናቸው። በማግስቱ መልስ መጣ።

«ውድ ባልደረባዬ፤ ይህን ፊት የትም አላየሁትም። አዲስ ዝርያ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን የላክኸው ፎቶ የሴት ነው። የእነዚህ ነፍሳት ፊት ያታልላል፤ እውነቱ ያለው ከወደ ኋላ ነው፣ ለዚያውም የወንዱ። ወንዱን አግኝ። ያለ ወንዱ ምንም ማድረግ አንችልም።»

«አዲስ ዝርያ» የሚለውን ብቻ አነበብሁና ከወንበሬ ተነስቼ ዘለልሁ! ሰው ሲደሰት የሚያደርገውን አያውቅም። ለሥራ ባልደረቦቼ ነገርሁ፣ ለጥበቃው ነገርሁ፣ ለሽንኩርት ነጋዴዋ ሳይቀር ነገርሁ። በአንድ ቀን ውስጥ የአሶሳ ሰው የስም አውጪ ኮሚቴ ሆነ። አንዱ «በወረዳችን ስም አድርጋት» ይላል። ሌላው «ጉባ ላይ ግድብ ተሠርቶ ትንኟ በምን ስም ልትጠራ ኖሯል? ፀጉር ቤቱም፣ ፋርማሲውም፣ ሻይ ቤቱም በግድቡ ስም ነው፤ ይቺ ከማን ታንሳለች?» ይላል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼኔ ነው። ላሚቱ ባል እንኳ አላገኘችም እኮ!

ማክሰኞ ማታ ወደ ግቢ ስገባ እማማ ሐዋ በደስታ ተቀበሉኝ።

«ኡስታዝ! ቅዳሜ ጠዋት ቶሎሳ ከባምባሲ ይመጣል። መጥረቢያ ይዞ። ማንጎውን ይቆርጣል።»

ዳንቴሎቼ ያሉት እዚያ ዛፍ ላይ ነው። የጎረቤቱን ማንጎ ሁሉ ዞሬ አይቻለሁ፤ መድኃኒት ከተረጨበት ዛፍ ላይ እንኳን ዳንቴል ጉንዳን አይገኝም።

«እማማ፣ በፈጠረዎት! አይቆረጥ!»

«ለምን?»

«አዲስ ፍጥረት ይኖርበታል። ሴቷ ተገኝታለች፤ ወንዱ ጠፍቷል። ወንዱን ማግኘት አለብኝ።»

እማማ ሐዋ ወገባቸውን ይዘው ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ዕድሜህ ስንት ነው?»

«ሠላሳ ስምንት።»

«ሚስት አለ?»

«የለም።»

«ያ ሰላም! ለራስህ ሚስት ማፊ፣ ለትንኝ ባል ትፈልጋለህ!»

ትንኝ አይደለችም ልል አፌን ከፈትሁና ተውሁት። ለቶሎሳ ቃል ሰጥተዋል፤ ቃል ደግሞ እማማ ሐዋ ዘንድ ቃል ነው። ብቻ እስከ ቅዳሜ ዛፉ የእኔ እንዲሆን ፈቀዱልኝ። ሦስት ቀን! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠበቅሁት ነገር በሦስት ቀንና በአንድ ባል ላይ ተንጠለጠለ።

ከአጎበሬ ቀድጄ፣ የልብስ መስቀያ ሽቦ አጉብጬ መረብ ሠራሁ። (ከዚያ ወዲህ የአሶሳ ወባ ትንኝ በቀዳዳው ገብታ ትጠይቀኛለች፤ እሷ እውነተኛዋ ትንኝ ናት።) ረቡዕ ዛፉ ላይ ወጣሁ። ያን የመሰለ ቆሻሻ ዛፍ አይቼ አላውቅም፤ ነጭ ብናኝ፣ ነጭ ጉድፍ ሸሚዜ ላይ ይረግፍብኛል፤ እኔም በመዳፌ እያራገፍሁ መሬት ላይ እዘራለሁ። ይህችንም ያዙልኝ። እስከ ማታ ሁለት ያዝሁ። በአጉሊ መነፅር ከወደ ኋላቸው አየኋቸው። ሴቶች።

ሐሙስ ሌላ ሁለት ያዝሁ። ሴቶች። ሌላዋን ላገኝ ስንጠራራ ቅርንጫፉ ከዳኝና ከነመረቤ ወረድሁ። የወረድሁበትን ፍጥነት የፊዚክስ ክፍል ያስላው። እማማ ሐዋ ከሽንት ቤቱ በስተኋላ ብቅ ብለው ቁልቁል አዩኝ።

«ባሉ ተገኘ?»

«አልተገኘም።»

«አንተ ግን ወደቅክ።»

«አዎ እማማ።»

«ሽማግሌ የሚልኩት ለዚህ ነው። ሽማግሌ ዛፍ አይወጣም» ብለውኝ ሄዱ።

ዓርብ ጠዋት፣ ወገቤ እየጎተተኝ፣ አንዲት ቅጠል ገለበጥሁ። አንድ ቀጠን ያለ ተቀምጧል። ያዝሁት፣ አየሁት፣ ደግሜ አየሁት። ወንድ! ወንድ ነው! ከዛፉ ወርጄ ብቻዬን እስክስታ መታሁ፤ ወገቤም ለጊዜው ይቅር አለኝ። ፎቶውን ለሊቁ ላክሁ። ወዲያው መለሱ፤ «እንኳን ደስ አለህ! ወንድ ነው። አልኮል ውስጥ አስገባው። በምንም ዓይነት እንዳይጠፋ!»

ለአልኮል ወደ ቤተ ሙከራ ሮጥሁ። የመጋዘን ቁልፍ ያዡ ለቅሶ ሄዷል። ቁልፉም አብሮት አዝኖ ሄዷል። ክፍል የምገባው ከግማሽ ሰዓት በኋላ ነው። ባልየው ብልቃጥ ውስጥ ይንጠራወዛል። ምን ይደረግ?

አሁን ያችን መሐላ አውጡልኝ።

እናቴ ባለፈው ከደብረ ማርቆስ ስትመጣ ለብርድ ብላ ጥቂት አረቄ አምጥታልኝ ነበር። (አሶሳ ምን ብርድ አለ? አትበሉኝ፤ እናት ናት።) አልጠጣሁትም! በሻንጣዬ ሥር፣ በካልሲ ጠቅልዬ፣ በሌላ ካልሲ ደግሜ ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ። አረቄም አልኮል ነው አይደል? ለጊዜው ነው፣ ለሳይንስ ነው፣ ጠጪውም እኔ ሳልሆን ነፍሳት ነው እያልሁ ከሕሊናዬ ጋር ተደራደርሁ። ባዶ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ገልበጥ አደረግሁት፣ ባልየውን አስገባሁት። ክዳኑ አልገጥም ቢለኝ በጥጥ ወተፍሁት፣ ጉንዳን እንዳያገኘው መስኮቱ ላይ አኖርሁና ወደ ክፍል በረርሁ። መስኮቱን ክፍት ትቼ! ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ለካ እኔን ነው።

ስመለስ ጠርሙሱ መስኮቱ ላይ አለ። በሳሙና ታጥቦ፣ ተለቅልቆ፣ አንገቱን ወደ ታች ተደፍቶ፣ በፀሐይ ያብለጨልጫል። ያን የመሰለ ንጹሕ ጠርሙስ በሕይወቴ አላየሁም።

እማማ ሐዋ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

«ኡስታዝ። በመስኮትህ ሳልፍ ሸተተኝ። ደፋሁት።»

«የ… የት ደፉት?»

«ሽንት ቤት።»

«ውስጡ የነበረውስ?»

«ዝንብ ነበረበት! ዝንብ የገባበት ትጠጣለህ? ሐራም ላይ ደግሞ ቆሻሻ!»

«እማማ…» አልሁ፤ «እሱ እኮ ባሏ ነበር!»

«የማን?»

«የትንኟ!»

ይኸው፣ ከአንደበቴ ትንኝ አልኋት። እማማ ሐዋ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ። ልቆጣ አልችልም፤ መሐላ የበላሁት እኔ ነኝ። እሳቸውም ሊቆጡኝ አልቻሉም፤ ባል የደፉት እሳቸው ናቸው። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንዲት ነገር ሳላገኝ፣ ያገኘኋትን አንዲት ነገር ለእናቴ አረቄ ሰጠኋት።

«አረቄ ሐራም ነው» አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን የሰው ባል መድፋትም… ጥሩ አይደለም።»

«ይቅር ይበሉኝ እማማ። ቃሌን አጠፋሁ።»

«ይቅር ብያለሁ። ፊቱ እንዴት ነው፣ የሞተው?»

ከሞባይሌ ላይ ፎቶውን አሳየኋቸው። ቀዩን የፊቱን መስመር እስኪያዩ አጎላሁላቸው። ስልኩን ተቀብለው አራቁት፣ አቀረቡት። ከዚያ ጥርሳቸው ብልጭ አለ።

«ይሄ ነው? ይሄን ነው ሦስት ቀን ዛፍ ላይ የምትፈልግ?»

«አዎ።»

ስልኬን መልሰው ሰጡኝና ወደ ማጀታቸው ገቡ።

ቅዳሜ ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ወጣሁ። ኦቦ ቶሎሳ መጥረቢያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከማንጎው ሥር ቆሟል። እማማ ሐዋ ደግሞ መሬት ላይ ምንጣፍ አንጥፈው ትልቁን የእንግዳ ትሪያቸውን ዘርግተዋል። ትሪው ላይ ዘጠኝ የሻይ ብርጭቆ በአፍጢሙ ተደፍቷል። እያንዳንዱ ብርጭቆ ሥር አንዲት የማንጎ ቅጠል። እያንዳንዱ ቅጠል ላይ አንዲት ባለ ዳንቴል!

«እማማ… ይህን ሁሉ ማን ያዘው?»

«እኔ። ዓርብ ፀሐይ ሊገባ ሲል። ቅጠሉን ገልበጥ ታደርጋለህ፣ እንደ እንቁላል ትለቅማለህ። መረብ ምን ያደርጋል? ዛፍ መውጣት ምን ያደርጋል? እኛ ልጅ ሆነን እንጫወትበት ነበር። ሽታ አለው፤ ስለዚህ በብርጭቆ ነው የሚያዝ።»

ባጃጁን አስታወስሁና አንገቴን ደፋሁ።

ወደ ብርጭቆዎቹ ተጠጉ። «ይሄ ሴት። ይሄ ሴት። ይሄም ሴት…» እያሉ ሰባቱን ወደ አንድ ወገን ገፉ። «ይሄ ሁለቱ ወንድ ነው።»

እኔ በአጉሊ መነፅር፣ በመጽሐፍ፣ በባሕር ማዶ ሊቅ እየተረዳሁ የምለየውን! መነፅሬን አውጥቼ አንድ በአንድ አየሁ። ሴት፣ ሴት፣ ሴት… ሁለቱ ወንድ! አንዱንም አልሳቱም!

«እንዴት አወቁ?!»

«ተመልከት። በየብርጭቆው ለየብቻ አሳደርሁት። ሰባቱ ቅጠሉ ላይ እንቁላል አንጠለጠለ፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ላይ፣ አየህ? ሁለቱ ግን ምንም የለም። ማታ እንደተቀመጠ ጠዋትም ተቀምጧል።» እጃቸውን አራገፉ። «ሌሊቱን ሙሉ ምንም ሥራ ያልሠራ፣ ወንድ ነው።»

ኦቦ ቶሎሳ መጥረቢያውን ከትከሻው ወደ መሬት አወረደ። ነገሩ እሱንም የነካው መሰለኝ።

«ሴት ሁሉ በአንድ ሌሊት እንቁላል ልትጥል ግድ የለባትም፣ በአጋጣሚ ነው…» ብዬ የሳይንስ ሰውነቴን ልመልስ ሞከርሁ።

«ተሳሳትሁ?» አሉኝ።

«አልተሳሳቱም።»

«ኻላስ፣ አለቀ።»

እዚህ ላይ የደስታ እንባዬን ልጠርግ ሸሚዜን አነሳሁ፣ ሸሚዜ ላይ ደግሞ ያ ነጭ ጉድፍ አለ። ላራግፈው መዳፌን ስሰነዝር እማማ ሐዋ እጄን ያዙኝ።

«ልጁን አትግደል!»

«የማንን ልጅ?»

«የእሱን! ይሄ ቆሻሻ ተሸክሞ የሚሄደው ልጁ ነው። ትንሽ ሆኖ ይሸከማል፣ ትልቅ ሆኖ ዳንቴል ይለብሳል።»

መነፅሬን ደቀንሁ። ጉድፉ እግር አለው! ጉድፉ እየሄደ ነው! ጀርባው ላይ የተሸከመው ነጭ ነገር ደግሞ… የዛፉ ነጭ ተባይ ቅርፊት ነው። የበላውን ገፈፈና ለበሰው! ሦስት ቀን ሙሉ «ቆሻሻ» እያልሁ መሬት ላይ የዘራሁት፣ ለዓለም ላስተዋውቀው የምንከራተትለት ዝርያ ሕፃናት ነበሩ። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይላሉ፤ እኔ ከጉድፍ ነው የቆጠርሁት። ዘጠኝ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ይህን ለተማሪዎቼ አትንገሩብኝ።

«እማማ፣ ነጩን ተባይ የሚበላው እሱ ነው! ይዩት፣ ቆዳውን ለብሶታል!»

አሁን የመደነቁ ተራ የእሳቸው ሆነ። መነፅሩን ተቀበሉኝ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ብዙ ጊዜ አዩ።

«ልጅ ሆኜ ሲሸከም አየሁ። ምን እንደሚሸከም አላየሁም» አሉ፤ ድምፃቸው ለስለስ አለ። «ታዲያ ሐኪሙ ዛፉ ላይ እያለ ዛፉን ለምን እቆርጣለሁ?»

«እኔስ?» አለ ኦቦ ቶሎሳ። «ከባምባሲ ድረስ መጥቼ…»

«አንተ ቁርስህን ትበላለህ። ከዚያ የደረቀውን ቅርንጫፍ ብቻ ትቆርጣለህ። ቀስ ብለህ! ልጆች አሉ!»

በዚያው ቀን ለሊቁ ጻፍሁ። የመለሱልኝ ምክር እንዲህ ይላል፤ «አንዱን ወንድ አልኮል ውስጥ፣ ሌላውን ግን አድርቀህ በመርፌ አኑረው። አልኮል አረንጓዴ ቀለሟን አጥፍቶ ቢጫ ያደርጋታል።» ይህን ለእማማ ሐዋ ስተረጉምላቸው ከወንበራቸው ሊወድቁ ነበር በሳቅ።

«አላልሁህም? አረቄ ሰውም ያበላሻል፣ ትንኝም ያበላሻል! የፈረንጁ ሽማግሌ አወቀ፣ አንተ አላወቅህም!»

አንደኛውን ወንድ ከለቅሶ በተመለሰ ቁልፍ በተከፈተ መጋዘን ውስጥ፣ በሕጋዊ አልኮል አኖርሁት። ሁለተኛው ደርቆ ሣጥን ውስጥ ገባ። ከዚያ መጻፍ፣ መላክ፣ «አስተካክል» ተብሎ መመለስ፣ አስተካክሎ መላክ፣ «ያስተካከልኸውን አስተካክል» መባል… ይህን ስቃይ አልነግራችሁም፤ እናንተም የራሳችሁ አላችሁ። ብቻ በዚህ ሳምንት ታተመ። አዲስ ዝርያ! ከአሶሳ! ማንጎው ሥር ወንበር አውጥቼ ለእማማ ሐዋ እየተረጎምሁ አነበብሁላቸው፤ የክንፏን ዳንቴል፣ የፊቷን መስመር፣ የወንዱን… መቀመጫ (እዚህ ላይ ፈጠን ብዬ አለፍሁ)።

«የት ተገኘ ይላል?» አሉ።

በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ከሽንት ቤቱ በስተጀርባ ስድስት ሜትር» ብዬ ጽፌ ነበር፤ የሚጻፈው ልክ የተያዘበት ቦታ ነዋ! ደግነቱ ቀድሜ አሳይቻቸው «ሽንት ቤቴን ዓለም ሁሉ ሊያውቅ ነው?» ብለው ቤት ሊያስለቅቁኝ ደርሰው ነበር። ሜትሩን ይዤ ከዋናው በራቸው እንደገና ለካሁት።

«ከወይዘሮ ሐዋ ዋና በር በስተምዕራብ፣ ማንጎ ዛፍ ላይ ይላል።»

«ጥሩ። ስሙስ?»

እዚህ ጋ ነበር ስጠብቅ የቆየሁት። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። የወረዳውንም፣ የግድቡንም፣ የሽንኩርት ነጋዴዋንም ስም ትቼ ያወጣሁትን ስም አነበብሁላቸው።

«በእርስዎ ስም ነው እማማ። ሐዋ። ዓለም እስካለ ድረስ በእርስዎ ስም ይጠራል።»

ዓይናቸው ወደ ማንጎው ሄደ። አገጫቸው ሲርገበገብ አየሁት፤ የእኔም አብሮ ተርገበገበ። ከዚያ፣

«አዲስ ይላል ወረቀቱ?» አሉ።

«አዎ፤ ለሳይንስ አዲስ ነው።»

«ሳይንስ የት ነበር? እኔ ልጅ ሆኜ እዚህ ነበረ።» ትንሽ አሰቡ። «ስሜን የያዘው ሴቱ ነው ወንዱ?»

«ሁለቱም ናቸው። ዝርያው በሙሉ ነው።»

«ያ ብርጭቆ ውስጥ ተቀምጦ ያደረውም?»

«እሱም ጭምር።»

«ላ ላ ላ! ወላሂ አይሆንም!» ብድግ አሉ። «ሴቱ ሐዋ ይባል። ሥራ የሌለው ወንዱ ግን በአንተ ስም ይጠራ!»

«እማማ፣ እንዴት ይሆናል? በሙያችን ነውር ነው! ሰው ላገኘው ፍጥረት የራሱን ስም አይሰጥም።»

እማማ ሐዋ ሻይ የጠጣንባቸውን ብርጭቆዎች ትሪው ላይ መልሰው መደርደር ጀምረው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተ መቼ አገኘኸው?»